የቡና ኮንፈረንስ መርሐ ግብር፦ አከራካሪዎቹን ጉዳዮች እናስገባ ወይስ እንለፋቸው?

የመርሐ ግብር ጸሐፊ

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ለሁለት ቀን ለሚካሄድ የቡና ዘርፍ ኮንፈረንስ የመርሐ ግብር ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። የሚጋበዙት ላኪዎች፣ አቅራቢዎች፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ ቀማሾች፣ ተመራማሪዎች፣ ባንኮች፣ የመንግሥት ኃላፊዎችና ጥቂት የውጭ ገዢዎች ናቸው። ኮሚቴያችን እስካሁን አራት ጊዜ ተሰብስቧል። አዳራሹን፣ ምሳውንና የቅምሻውን ጠረጴዛ በአንድ ከሰዓት ጨረስን፤ የቀረውን ጊዜ ሁሉ የፈጀነው ምን ይነሣ፣ ምን ይቅር በሚለው ላይ ነው።

ያልተስማማንባቸው ጉዳዮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል፤ አስገቢውም ቡናው የተለቀመበትን ማሳ መገኛ ነጥብ እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። ተፈጻሚነቱ ሁለት ጊዜ ስለተራዘመ ከኮሚቴው አባላት ገሚሱ «ገና ስለሆነ አንነካካው» ሲሉ፣ ገሚሱ ደግሞ የተራዘመው እኮ እንድንነጋገርበት ነው ይላሉ። ሁለተኛው የዋጋ ጉዳይ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ቡናን አገር ውስጥ በውድ ገዝቶ ውጭ በርካሽ መሸጥና ኪሳራውን በተገኘው ዶላር ዕቃ አስመጥቶ ማካካስ በዘርፉ ዘንድ የታወቀ ነገር ነበር። ዛሬስ ምን ያህሉ ቀርቷል? የሚለውን ጥያቄ በመድረክ ማንሣት የሚፈልጉም፣ በፍጹም የማይፈልጉም አሉ።

ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ይልቅ ያስጨነቀን እርሱ ነው። በመክፈቻው ንግግር «የቡና መገኛ» ተብሎ የሚጠራው የትኛው ቦታ ነው? በቅምሻው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ካርድስ «ሲዳሞ» ይላል ወይስ «ሲዳማ»?

ከዚህ በፊት በሌላ ኮንፈረንስ አዘጋጅነት ሠርቼ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ስፖንሰር ስለከፋው አንድ ርእስ ከመርሐ ግብሩ እንዲወጣ ተስማማን። በመጨረሻው ቀን ግን አንድ ተሳታፊ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ያንኑ ጥያቄ አነሣው፤ ማንም ስላልተዘጋጀበት መድረክ ላይ የነበሩት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ፣ አወያዩም ሰዓት አልቋል ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ስለ ኮንፈረንሱ የተወራው ያ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው እንዳይደገም ልምድ ያላችሁ ምን ትመክሩናላችሁ?


ላኪ ከመርካቶ

ወንድሜ፣ የደኑን ሕግ አስገቡት፤ ማንንም በግል አይነካም። የዋጋውን ጉዳይ ግን ተዉት። ምክንያቴን በግልጽ ልንገርዎት። የውጭ ሽያጭ ውላችን በቡናና ሻይ ባለሥልጣን ዘንድ ይመዘገባል፣ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋም አለብን። እዚያው አዳራሽ የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ፈቃዳችንን የሚያድሱ ሰዎች ናቸው፤ ከኋላቸው ብድር የሚሰጡን ባንኮች ናቸው፤ ከጎናችን ደግሞ ቡናችንን የሚገዙ የውጭ ሰዎች አሉ። በእነዚህ ሁሉ መካከል ተነሥቶ «እኔ በኪሳራ ሸጬ ነበር» የሚል ሰው አይገኝም። የሚነሣው «እነ እገሌ ናቸው ያበላሹት» የሚል ነው። ያኔ ኮንፈረንሱ ሳይሆን የስም ማጥፋት ችሎት ይሆናል።

በዚያ ላይ የውጭ ገዢ ተቀምጦ እየሰማ ስለ ዋጋ ድክመታችን መናገር ነገ በድርድር ጊዜ ዋጋ ያስከፍለናል። ይህን የምለው ለመደበቅ አይደለም፤ ማኅበራችን ውስጥ በር ዘግተን ብዙ ጊዜ ተነጋግረንበታል።


ቀማሽ ከጅማ

ስለ ስሙ ጉዳይ እኔ ልመልስ፤ በየዓመቱ የቅምሻ ካርድ የምጽፈው እኔ ነኝና ጣጣውን አውቀዋለሁ።

በመገኛው ስፍራ ላይ ሁለት ወገን አለ። የካፋ ሰዎች በማንኪራ ደን ያለውን ቡና ያነሣሉ፤ ቦንጋ ላይ የብሔራዊ ቡና ሙዚየም የተሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። የጅማ ሰዎች ደግሞ በጎማ ወረዳ ያለችውን ጮጬን ይጠቅሳሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ቢኖር የቀድሞው የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጅማ እንደነበረች ነው። ስለዚህ በድሮ መጽሐፍ «ከፋ» ተብሎ የተጻፈ ሁሉ የዛሬውን የካፋ ዞን ብቻ ያመለክታል ማለትም፣ አያመለክትም ማለትም አይቻልም። ሳይንሱ የሚያረጋግጠው የአረቢካ ቡና የዱር ዝርያ መኖሪያው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ነው፤ በደቡብ ሱዳን የቦማ አምባ ላይም ተገኝቷል። ከዚያ አልፎ የመጀመሪያው ዛፍ በእገሌ መንደር በቀለ የሚል የዘረመል ጥናት የለም፣ ሊኖርም አይችልም። እንግዲህ በመክፈቻው ንግግር «የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች» ብትሉ እውነትም ትናገራላችሁ፣ ማንንም አታስቀይሙም። ንግግር የሚያደርጉት እንግዳ ግን ጽሑፋቸውን አስቀድመው ካላሳዩአችሁ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ነው።

ሲዳሞና ሲዳማን በተመለከተ ነገሩ ከስሜት ይልቅ የወረቀት ጉዳይ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት ያመለከተው ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ በሚሉ ስሞች ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበር ተቃወመ፣ ከስታርባክስም ጋር ትልቅ ክርክር ተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ስለዚህ ውጭ የሚያውቁት ስም ያ ነው። በሌላ በኩል ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሆኗል፤ የአካባቢው ሰው «ሲዳሞ» የሚለውን ስም ከቀድሞው ክፍለ ሀገር ጋር ስለሚያያይዘው አይወደውም። የእኔ ዘዴ ይህ ነው፦ የንግድ ምልክቱ በሚነሣበት ቦታ የተመዘገበውን ስም እጽፋለሁ፤ ቡናው የተለቀመበትን ቦታ በምገልጽበት ጊዜ ግን ክልሉን፣ ዞኑንና ወረዳውን ዛሬ በሚጠሩበት ስም እጽፋለሁ። ሁለቱ በአንድ ካርድ ላይ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ካርዱን ከማተማችሁ በፊት ለየአካባቢው ዩኒየን ልካችሁ አስነብቡ። እኔ አንድ ዓመት ሳላስነብብ አትሜ የጌዴኦን ቡና በሲዳማ ሥር አስገብቼ ነበር፤ የሰማሁትን ወቀሳ ዛሬም አልረሳሁትም።


አወያይ

ለብዙ ዓመታት በግብርናና በንግድ ኮንፈረንሶች አወያይ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከላይ የተባለውን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ በአብዛኛው እስማማለሁ፣ በአንዳንዱ አልስማማም።

መጀመሪያ ላኪው ወንድማችን የጠቀሱትን ሥጋት ለሁለት እንክፈለው። አንዱ ሕግ ነው። በአንድ ገበያ የሚወዳደሩ ነጋዴዎች ተሰብስበው ነገ በስንት እንደሚሸጡ ወይም በስንት እንደሚገዙ ቢነጋገሩ፣ ነገሩ አከራካሪ መሆኑ ይቀርና ሕገ ወጥ ይሆናል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዋጋ መተመንን ይከለክላል። የአሜሪካና የአውሮፓ ማኅበራት ስብሰባ ሲጀምሩ ይህን የሚመለከት ማሳሰቢያ በንባብ የሚያሰሙት ለዚህ ነው፤ እናንተም አስነብቡ። ወደፊት ስለሚጠየቅ ዋጋ አይነገርም፤ ስላለፈው አሠራርና ስለ ምክንያቱ ግን መነጋገር ይቻላል። ሌላው የእርሳቸው ሥጋት ፍርሃት ነው፣ እርሱም ቢሆን እውነተኛ ፍርሃት ነው። መፍትሔው ግን ርእሱን መሰረዝ አይመስለኝም። ጥያቄውን መለወጥ ነው። «በኪሳራ ስለ መሸጥ» የሚል ፓነል ካዘጋጃችሁ ጥፋተኛ ፍለጋ ይሆናል። «የዓለም ዋጋ ሲጨምር ጭማሪው ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፣ በመንገድ ላይስ የሚቀረው የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ላኪውም፣ ባንኩም፣ ዩኒየኑም የሚናገረው ነገር አለው፤ ያንን አሠራርም ማንም ስም ሳይጠራ እየተነሣ ያልፋል።

የቻተም ሃውስ ደንብ የሚባለውን ታውቁ ይሆናል። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣ ነው፤ በስብሰባ ላይ የሰሙትን መጠቀም ይፈቀዳል፣ ማን እንዳለው ወይም የየትኛው ድርጅት ሰው እንደሆነ መግለጥ ግን አይፈቀድም። ጠቃሚ ነው፤ ለእኛ ግን ብቻውን አይበቃም። ዘርፋችን ጠባብ ነው፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል፤ አንድ ሐሳብ ከተነገረ ተናጋሪው በአነጋገሩ ይታወቃል። ስለዚህ በዝግ ክፍለ ጊዜ ስልክ ከበር ላይ ይሰብሰብ፣ የቀጥታ ሥርጭት አይኑር፣ ጥያቄ በወረቀት ይቅረብ፣ አወያዩ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጎ በራሱ ቃል ያንብባቸው። በወረቀት የሚመጣው ጥያቄ ምን ያህል ቀጥተኛ እንደሆነ ብታዩ ትገረማላችሁ። በማይክሮፎን ሲሆን ግን መጀመሪያ ለአዘጋጆቹ ምስጋና፣ ቀጥሎ የራስ ታሪክ፣ በመጨረሻ በሰምና ወርቅ የተጠቀለለ ግማሽ ጥያቄ ነው።

አሁን ማንም የማያነሣውን ልናገር። በእኛ አገር አከራካሪ ርእስን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ክልከላ አይደለም፤ ፕሮቶኮል ነው። የክብር እንግዳው 3 ሰዓት ይመጣሉ ተብሎ 4 ሰዓት ተኩል ይደርሳሉ፤ የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግር ሦስት ይሆናል፤ የስፖንሰሩ ቪዲዮ ይታያል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ ለዘጠና ደቂቃ የታሰበው ውይይት ወደ ሃያ ደቂቃ ይወርድና ጥያቄው በሻይ ዕረፍት ይቀጥላል ይባላል። በርግጥም ይቀጥላል፤ እውነተኛው ኮንፈረንስ የሚካሄደው በሻይ ዕረፍት ነው፣ ግን ማስታወሻ የሚይዝ የለም። ከባዱን ርእስ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከመክፈቻው ቀጥሎ አታድርጉት። በመጨረሻው ቀን ከሰዓትም አታድርጉት፤ ያኔ ሰው ሻንጣውን ይዞ ነው የሚቀመጠው። የሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ምንም ሥነ ሥርዓት በሌለበት ሰዓት፣ ከሁሉ ይሻላል።

ስለ ተናጋሪዎቹም አንድ ነገር ልጨምር። አምስት ሰው የሚቀመጥበት መድረክ ላይ አራቱ ደጋፊ ሆነው አንዱ ብቻውን ተቃዋሚ ከሆነ ያ ሰው የተጋበዘው ለመናገር ሳይሆን ለመታየት ነው። ሦስት ሰው ይበቃል። ሦስቱንም ከሳምንት በፊት በስልክ አግኝቼ «እንዳልጠየቅ የምትፈራው ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ ያንኑ እጠይቀዋለሁ፤ ግን እንደምጠይቀው አስቀድሜ እነግረዋለሁ።


ተመልካች

የስፖንሰሩ ነገር አልተመለሰም። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ርእስ አስወጣ ካለ ምን ይደረጋል?


አስመጪ ከዋሽንግተን

እኔ በአሜሪካ የኢትዮጵያ ቡና አስመጣለሁ። የተመልካችን ጥያቄ ለጸሐፊው ልተወውና ከዚህ በኩል ያየሁትን ላካፍል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበሩ የሚቀጥለውን ዓመት አንዳንድ የዓለም የቡና ውድድሮች ዱባይ ላይ ለማካሄድ ወስኖ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹ በአገሪቱ ሕግ ምክንያት ለደኅንነታቸው እንደሚሰጉ ሲናገሩ፣ ማኅበሩ መሄድ የማይችል ተወዳዳሪ ተሳትፎውን ለሌላ ጊዜ እንዲያቆይ የሚፈቅድ መመሪያ አወጣ። ይህም ቁጣውን አባባሰው። በመጨረሻ መመሪያው ተሽሮ ውድድሮቹ ወደ ብራዚሏ ቤሎ ኦሪዞንቴ ተዛወሩ። በጉዳዩ ላይ ማን ልክ እንደነበር መከራከር አልፈልግም፤ ሁለቱም ወገን የሚለው ነበረው። እኔ የያዝኩት ግን ቦታ ከመመረጡ በፊት «እዚያ መምጣት የማይችለው ማን ነው?» ተብሎ አለመጠየቁን ነው። እናንተም አዲስ አበባን ስትመርጡ ከወለጋ ወይም ከሐረርጌ የሚመጣ ገበሬ መንገዱ ይመቸዋል ወይ፣ የአበልና የመኝታ ወጪውንስ ማን ይሸፍናል ብላችሁ ጠይቃችኋል?

ላኪው ወንድሜ የውጭ ገዢ ስለሚሰማ ዝም እንበል ያሉት ግን አያስማማኝም። ገዢው ያውቀዋል። ለዓመታት በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል የሚያልፍ ቡና ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ ማወቅ እያቃተን ስናጉረመርም፣ እዚያ በመድረክ ላይ ሁሉም መልካም ነው ይባል ነበር። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ በኋላ ነገሩ እየተከፈተ የመጣው ጉርምርምታው ወደ ግልጽ ክርክር ስለተለወጠ ይመስለኛል።


የዩኒየን ባለሙያ

አወያዩዋ ስለ ዝግ ክፍለ ጊዜ ያሉትን አከብራለሁ፤ ግን አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ስም መደበቅ የሚያስፈልገው ማን ነው? እኔ የማውቃቸው ገበሬዎች ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውንና የተከፈላቸውን ብር ጠቅሰው በአደባባይ ይናገራሉ። በር ተዘግቶ፣ ግብዣው ለጥቂቶች ደርሶ የሚደረግ ውይይት ገበሬውን ጨርሶ ያስወጣዋል። የግድ ከሆነ ዝጉት፤ ነገር ግን ከውስጥ ካሉት ሰዎች ቢያንስ ሲሶው ገበሬዎችና የመሠረታዊ ማኅበር መሪዎች ይሁኑ።

የደኑ ሕግ ማንንም አይነካም የተባለውም ትክክል አይደለም። በእኛ በኩል ከዋጋውም ይልቅ የሚያነጋግረው እርሱ ነው። በሕጉ መሠረት እስከ 4 ሄክታር ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያው ይለካል። የእኛ ገበሬ ማሳ ከአንድ ሄክታር የማያልፍ በመሆኑ ነጥቡን መውሰድ ከባድ አይደለም። ከባዱ ጥያቄ ነጥቡ የማን ንብረት ነው የሚለው ነው። አንድ ላኪ ወይም አንድ ፕሮጀክት ገንዘብ አውጥቶ የሦስት ሺህ ገበሬ ማሳ ቢያስለካና መረጃውን በራሱ ኮምፒዩተር ቢያስቀምጥ፣ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ሰው መሸጥ ሲፈልግ መረጃውን ማን ይሰጠዋል? በእጁ እሸት ቡና ይዞ ለመሸጥ የሌላ ሰው ፈቃድ ሊጠይቅ ነው። ሌላም አለ፦ በካፋና በያዩ ከደን ጥላ ሥር የሚለቀም ቡና እንደ ደን ይቆጠራል ወይስ እንደ እርሻ? ዛፉን ጠብቆ ያቆየው ሰው በሳተላይት ፎቶ ተጠርጣሪ እንዳይሆን ማን ይከራከርለታል? በዚህ ላይ ላኪ፣ ባለሥልጣንና ዩኒየን የተለያየ አቋም አለን። በጨዋነት የምንከራከርበት መድረክ ካለ ይኸው ርእስ ነው።

ስለ ቋንቋውም አስቡበት። እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ገበሬው ብቻ ሳይሆን ከአቅራቢዎቹም አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። በአማርኛ ብቻ ከሆነም ከጅማና ከሲዳማ የሚመጡት አንዳንዶቹ ይቸገራሉ። የአፋን ኦሮሞና የሲዳምኛ አስተርጓሚ በጆሮ ማዳመጫ ማቅረብ ወጪ አለው፤ ሆኖም ከአንድ የእራት ግብዣ አይበልጥም። አስተርጓሚዎቹም ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ምን እንደሆነ የሚያውቁ ይሁኑ። አንድ ስብሰባ ላይ «ያልታጠበ ቡና» የሚለውን «ቆሻሻ ቡና» ብሎ የተረጎመ ሰው አጋጥሞኛል።


ላኪ ከመርካቶ

የዩኒየኑ ባለሙያ ስለ ማሳ መረጃ ያነሡት ልክ ነው፤ እኔም አላሰብኩበትም ነበር። ቢሆንም ማሳ ለማስለካት ገንዘብ ያወጣ ሰው ድካሙ በነጻ ለተፎካካሪው ይሰጥ ቢባል ነገ ማንም አያስለካም። ይህን ለመከራከር ፈቃደኛ ነኝ፣ በስሜም እቀመጣለሁ።

በዋጋው ላይ ደግሞ አቋሜን በጥቂቱ ላሻሽል። ጥያቄው አወያዩዋ እንዳሉት ከሆነ፣ ማሳሰቢያው ከተነበበ፣ ቀረጻ ከሌለና ከባንኮችም አንድ ሰው እኛው መሃል ከተቀመጠ አልቃወምም። ባንኮቹ ከአዳራሹ ሆነው እየሰሙ እኛ ብቻ መድረክ ላይ የምንጠየቅበት ከሆነ ግን አልመጣም።


የመርሐ ግብር ጸሐፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ኮሚቴው ለአምስተኛ ጊዜ ተሰብስቦ የእናንተን ምላሽ አትሜ አከፋፍዬ ነበር፤ የወሰንነውን ላሳውቃችሁ።

የደኑ ሕግ በሁለተኛው ቀን ጠዋት በግልጽ መድረክ ይቀርባል፤ ርእሱም «የማሳው መረጃ የማን ነው?» የሚል ሆኗል። ሦስት ተናጋሪ ይኖራል፦ አንድ ላኪ፣ አንድ የመሠረታዊ ማኅበር መሪና አንድ የባለሥልጣኑ ባለሙያ። ላኪው ወንድሜ፣ በስሜ እቀመጣለሁ ያሉትን ቃልዎን መዝግበናል። የዋጋው ውይይት ዝግ ሆኖ 45 ሰው ይገባበታል፤ 15ቱ ቦታ ለገበሬዎችና ለመሠረታዊ ማኅበራት ተይዟል። ስልክ መሰብሰቡን ግን ኮሚቴው አልተቀበለውም፤ ትልቅ ሰው ስልክህን አምጣ ማለት ነውር ነው ተብሎ በማሳሰቢያ ብቻ ታልፏል። እኔ በዚህ አልተስማማሁም፣ ድምፅ ተሰጥቶበት ተሸነፍሁ።

ስለ መገኛው «የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች» የሚለውን አገላለጽ ወስደናል፤ ለክብር እንግዳው ቢሮም በደብዳቤ ይላካል። የቅምሻው ካርድ የቀማሹን ዘዴ ይከተላል፣ ከመታተሙ በፊትም ለስድስት ዩኒየኖች ይላካል። የመክፈቻ ንግግሮች ከሦስት ወደ አንድ ወርደዋል። በዚህ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ከሦስቱ አከራካሪ ርእሶች ሁሉ የበለጠ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የአስተርጓሚ ወጪ የተገኘው ከእራት ግብዣው ተቀንሶ ነው።

ለተመልካች፦ ከስፖንሰሮች ጋር በምንፈርመው ውል ላይ ገንዘቡ ለአዳራሽና ለመስተንግዶ እንደሚውል፣ በርእስና በተናጋሪ ምርጫ ግን የመወሰን መብት እንደማያሰጥ የሚገልጽ አንቀጽ ጨምረናል። አንዱ ስፖንሰር በዚህ ምክንያት እስካሁን አልፈረመም። ሌላው ደግሞ ባንክ ነው፤ መፈረሙን ፈርሞ በዋጋው ውይይት ላይ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች አስቀድሞ ማየት እፈልጋለሁ ብሏል። በውሉ አልተከለከለም፣ አልተፈቀደለትምም። ምን እንበለው?


አወያይ

ይየው፤ ነገር ግን ላኪዎቹና ዩኒየኖቹ በሚያዩበት ቀን፣ ያንኑ ወረቀት። አስተያየት ካለው በጽሑፍ ያቅርብ፣ አስተያየቱም ለሁሉም ይላክ። በወረቀት ከአዳራሹ የሚመጡትን ጥያቄዎች ግን እኔም አስቀድሜ አላያቸውም፣ እርሱም አያይም። ስለ ስልኩ ደግሞ በር ላይ ከመሰብሰብ ይልቅ በየወንበሩ ላይ የሚታሸግ ፖስታ አስቀምጡ፤ ባለቤቱ ራሱ ስልኩን ከቶ ያሽገውና ከእጁ ሳይወጣ ይቀመጥ። እንዲህ ሲሆን ትልልቅ ሰዎችም አይከፋቸውም፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬው ሠርቷል።